21ዱን ጠልፌ ከጨረስኩ በኋላ ያወቅኩት

የባቲክ ጨርቅ (በሰም እየተሸፈነ ቀለም የተነከረ ጨርቅ) ቀጣጥላችሁ፣ በመካከሉ በጥልፍ መኪና የተጠለፉ ብሎኮች (ካሬ ቁራጮች) አስገብታችሁ ኩዊልት (ገበርና ጥጥ ያለው የአልጋ ልብስ) ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። የነገረኝ ቢኖር የ14 ሰዓት የመኪና ሥራና ከዚያ በላይ የሆነ የራሴ ድካም ይተርፍልኝ ነበር።

ያሰብኩት 42 ብሎክ ነበር፤ በወርድ 6፣ በቁመት 7። ግማሾቹ ከ16 ትናንሽ የባቲክ ካሬዎች የተገጣጠሙ፣ ግማሾቹ ደግሞ መሃላቸው ላይ አንድ ቅጠል የተጠለፈባቸው። እያንዳንዱ ብሎክ ተሰፍቶ ሲያልቅ 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ይሆናል። የስፌቱ ትርፍ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሲቆረጥ 21.2 ነው። ይቺን 21.2 አስታውሷት።

ጨርቁን አስቀድሜ አጠብኩ። አንዳንዱ ባቲክ፣ በተለይ ቀዩና ድፍን ሰማያዊው፣ ቀለም ይለቃል። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ እሹበት፤ ቀለም ከያዘ እንደገና እጠቡት። የእኔ ቀይ የጠራው በሦስተኛው ነው። ካሬዎቹን መገጣጠም ደግሞ ደስ የሚል ሥራ ነበር። ባቲክ እንደ ልብ አይለጠጥም፤ ከጠርዙ ክር ቶሎ አይመዘዝም፤ ቀለሙ ዘልቆ ስለሚገባ ፊትና ጀርባው እምብዛም አይለይም። ሽመናው ጥብቅ የሆነው በምክንያት ነው። ሰሙ እንደልቡ እንዳይፈስ፣ ጨርቁም ደጋግሞ ቀለም ውስጥ መነከሩንና ሰሙን ለማስለቀቅ መቀቀሉን እንዲችል ድርና ማጉ ቀጭንና የተጠጋጋ መሆን አለበት። ያወደስኩት ይህ ጥብቅነት ነው በኋላ ያሰቃየኝ።

አሁን ወደ ጥልፉ።

የያዝኩት መመሪያ «መጀመሪያ ብሎኮቹን በልካቸው ቁረጡ፣ ከዚያ ጥለፉ» ይላል። የመኪናው መጽሐፍ ደግሞ «ጨርቁን ፍሬሙ ላይ እንደ ከበሮ ወጥሩት» ይላል። ሁለቱንም በታማኝነት ፈጸምኩ። 21 ቁራጭ፣ ሁሉም 21.2፣ አንድ ሚሊ ሜትር ሳላዛንፍ ቆረጥኩ። የፍሬሜ ቁመት 18 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ጨርቁ በላይና በታች ከፍሬሙ የሚተርፈው ከአንድ ጣት ስፋት ያነሰ ነበር። ፍሬሙ ደህና አድርጎ ስለማይይዘው ማዕዘኖቹን እየያዝኩ ሳብኩ፤ ብሎኑን አጠበቅኩ፤ እንደገና ሳብኩ። በጣቴ መታ ሳደርገው ድም አለ። በዚያ ድምፅ ደስ አለኝ።

ቅጠሉ ወደ 14,000 ገደማ ስፌት አለው፤ ክር መቀየሩን ጨምሮ 40 ደቂቃ ይወስዳል። የመጀመሪያው ሲያልቅ ፍሬሙ ላይ እንዳለ አየሁት፤ እጅግ ያምራል። ከፍሬሙ ሳወጣው ግን በቅጠሉ ዙሪያ ያለው ጨርቅ ገመዱ እንደተሳበ የከረጢት አፍ ተሰበሰበ። በእንፋሎት ተኮስኩት። የተስተካከለ መሰለኝ። «ካውያ ያቃናዋል» አልኩና ወደ ሁለተኛው አለፍኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህቺ ደቂቃ ናት። ማስመሪያው እጄ ስር ነበር። አንድ ጊዜ ብለካው ሁሉንም እደርስበት ነበር። አልለካሁም። አምስት ምሽት ሙሉ ቀሪዎቹን 20 ጠለፍኩ፤ እያንዳንዱን ተኮስኩ፤ አነባብሬ አስቀመጥኩ።

በስድስተኛው ምሽት የመጀመሪያውን ረድፍ ልገጥም ተቀመጥኩ። የተጠለፈው ብሎክ ከካሬው ብሎክ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ አልገናኝ አለ። ያኔ ማስመሪያ አነሳሁ። 20.7። የሚቀጥለው 20.4። አንዱ በአንድ ጎኑ 20.9፣ በሌላው 20.3። የአራቱ ደግሞ ድሩ ራሱ ጠምዝዞ፣ ቅጠሉ አንድ በኩል አዘንብሎ ነበር። 21ዱንም ለካሁ፤ 21.2 የሆነ አንድም አልነበረም።

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም መጀመሪያውኑ መነገር የነበረባቸው ናቸው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የጥልፍ ስፌት ጨርቁን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። በሺዎች ሲቆጠር ብሎኩ ያጥራል፤ በልኩ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ከየትም አምጥታችሁ አትሞሉትም። ሁለተኛ፣ እጃችሁ የሳበው ጨርቅ ከፍሬሙ ሲወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ክሩ ግን በተወጠረው ጨርቅ ላይ ስለተቆለፈ አብሮት አይመለስም። መሸብሸቡ የሚመጣው ከዚህ ነው። የመኪናው መጽሐፍ «እንደ ከበሮ» ሲል ይህን አይነግራችሁም። እኔ የምላችሁ፦ ጨርቁ ልሙጥ ይሁን እንጂ አይሳብ።

በዚህ ላይ መኪናውን የሸጠልኝ ሰው «ባቲክ ጥብቅ ነው፣ ከስሩ ስስ ተቀዳጅ ንጣፍ ይበቃዋል» ብሎኝ ነበር፤ ንጣፉ ጥልፉ እስኪያልቅ ጨርቁን ደግፎ የሚይዝ፣ ሲያልቅ በእጅ ተቀድዶ የሚወጣ ነው። ይህን ያህል ጥቅጥቅ ላለ ጥልፍ አይበቃውም። መርፌው ደጋግሞ ሲወጋው ንጣፉ ቅጠሉ ሳያልቅ መቀደድ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቁን የሚደግፈው የለም። ሰውዬው እርግጠኛ ሆኖ ነበር የነገረኝ፤ እኔም አመንኩት። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ልተርትረው ብዬ ከጠመሙት አራቱ አንዱን ያዝኩ። አራት ሰዓት ፈጀብኝ። በጀርባው በኩል ክሩን በምላጭ እየቆረጥኩ፣ በፊቱ በወረንጦ እየለቀምኩ ጨረስኩት። የቀረው ግን ቀዳዳ ነው። ልል በሆነ ጨርቅ ላይ መርፌ የከፈተውን ክሮቹ ተመልሰው ይዘጉታል፤ በባቲክ ላይ ግን ይከብዳል። አረጠብኩት፣ በጥፍሬ በድሩም በማጉም አቅጣጫ ፋቅኩት፤ ራቅ ራቅ ያሉት ተዘጉ፤ የተጠጋጉት እንዳሉ ቀሩ። መስኮት ላይ ስይዘው ክር የሌለው ቅጠል በብርሃን ነጠብጣብ ተሥሎ ይታያል። ሌሎቹን ለመተርተር እጄን አላነሳሁም። ባቲክ ላይ የጠለፋችሁትን አትተርትሩ።

መዳኛው ማጥበብ ሆነ። ደህና የሆኑትን 17ቱን ቅጠሉን መሃል እያደረግኩ ወደ 19.2 ቆረጥኳቸው፤ በዙሪያቸው ከድፍን ሰማያዊ ባቲክ በ2.2 የተቆረጠ ጠባብ ጥብጣብ ሰፋሁ። ሲሰፋ ጥብጣቡ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ብሎኩም ተመልሶ 20 ይገባል። አራት ጎን ለ21 ብሎክ (በኋላ እንደ አዲስ የጠለፍኳቸውን አራቱን ጨምሮ)፣ 84 ጥብጣብ ማለት ነው። የሚያዩት ሁሉ «እንዴት ጥሩ ክፈፍ አሰብክ» ይሉኛል። ክፈፉ የመጣው ከስህተቱ ነው፤ ግን እውነትም ያምራል፤ እኮራበታለሁ።

የጠመሙትን አራቱን፣ የተተረተረውን ጨምሮ፣ ጣልኳቸው፤ ልብሱ ግን 21 ስለሚፈልግ በተረፈው ጨርቅ እንደ አዲስ ጠለፍኩ። እነዚህን የሠራሁበት መንገድ ነው ትክክለኛው። ጨርቁን 30 በ30 ቆረጥኩ። ፍሬሙ ላይ የወጠርኩት ንጣፉን ብቻ ነው፤ እሱም የሚቀደደውን ሳይሆን በመቀስ የሚቆረጠውንና ጨርቁ ስር የሚቀረውን። ጊዜያዊ ማጣበቂያ ነፍቼበት ጨርቁን በእጄ መዳፍ ሳልስብ አስተኛሁበት፤ ዙሪያውን በረጅም ስፌት ጠቀምኩት። መኪናውን ከሙሉ ፍጥነቱ አወረድኩ። ሲያልቅ ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍቼ ከጀርባው ተኮስኩ፤ እስኪቀዘቅዝ አልነካሁትም። ከዚያ በኋላ ብቻ መሃሉን ፈልጌ ቆረጥኩ። መጀመሪያ ጥልፍ፣ ከዚያ ካውያ፣ ከዚያ ልክ፣ መቀስ መጨረሻ።

መርፌን በተመለከተም መጽሐፉን አልሰማም። ለጥልፍ ተብሎ የሚሸጠው መርፌ ጫፉ በትንሹ ክብ ነው፤ የእኔ ባቲክ ላይ ይጠቅጥቅ ነበር፤ ክርም በየጊዜው ይበጥስብኝ ነበር። ጫፉ የሾለውን ባለ 75/11 ቁጥር መርፌ ሳስገባ ድምፁ ራሱ ተለወጠ፤ መበጠሱም ቀረ።

የቀረው ሥራ ብዙ አልወሰደም። ገበሩንና የመሃሉን ጥጥ አነጠፍኩ፤ ሦስቱን ደራርቤ ሰፋሁ። ጥልፉ ላይ ግን አልሰፋሁበትም፤ ክር በክር ላይ የተከመረበት ቦታ መርፌ ይሰብራል። በቅጠሎቹ ዙሪያ ብቻ ዞርኩ። ጠርዙን ከዚያው ድፍን ሰማያዊ ዘመዘምኩት።

አሁን አልጋ ላይ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ሁለት ጊዜ ታጥቧል፤ ቀዩ አልለቀቀም። ከሩቅ 21ዱም ቅጠል አንድ ነው። መዳፌን ሳሳልፍበት ግን አራቱ ልሙጥ ናቸው፤ 17ቱ ከክፈፋቸው ውስጥ አሁንም ያበጡ ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው የቱ እንደሆነ እለያቸዋለሁ።