የሰማህ ላልሰማ አሰማ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከማይክሮስኮፑ አልተነሣሁም። ከሥሩ ያለው ለአቅመ መውለድ እየደረሰች የነበረች አይጥ የጡት እጢ ነው፤ በመስታወት ላይ ተዘርግቶ በካርሚን ቀለም ተነክሯል። ስቡ ፈዝዞ፣ የወተት ቱቦዎቹ ቀልተው ይታያሉ። ከጡቷ ጫፍ ተነሥተው እየተከፋፈሉ ወደ ስቡ ዘልቀዋል። በየጫፋቸው ከቱቦው የሚወፍር ክብ እብጠት አለ፤ ሕዋሳት በብዛት የሚከፈሉት እዚያ ነው።

ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን አዘዘ፣ ሕዋሱም ተከፈለ ቢባል ቀላል ነበር። የሚያስደንቀኝ ነገሩ እንዲያ አለመሆኑ ነው። የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ ማለትም ትእዛዙን የሚሰማ ፕሮቲን፣ ያላቸው ሕዋሳት በአብዛኛው ራሳቸው አይከፈሉም። ትእዛዙ ሲደርሳቸው አምፊሬጉሊን የተባለ የእድገት ፋክተር (ሌሎች ሕዋሳትን እደጉ የሚል ፕሮቲን) ሠርተው በገጻቸው ላይ ያወጡታል። አዳም 17 የሚባል ኢንዛይም ቆርጦ ይለቀዋል፤ የተለቀቀውም በቱቦው ዙሪያ ስቡ ውስጥ ካሉት ደጋፊ ሕዋሳት የራሱ ተቀባይ ላይ ያርፋል። እነዚህ ደግሞ በተራቸው ሌላ የእድገት ፋክተር ወደ ቱቦው ይልካሉ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ እንደሚለው አዋጅ ነው!

ይህ የታወቀው ሕብረ ሕዋስ ከአይጥ ወደ አይጥ በመትከል ነው። የአምፊሬጉሊን ተቀባይ የሌለው ቱቦ ጤናማ ስብ ውስጥ ሲተከል ያድጋል፤ ጤናማው ቱቦ ተቀባዩ በሌለው ስብ ውስጥ ሲተከል ግን እንደሚገባው አይዘረጋም። ከዚህ የጠራ ሙከራ ብዙ አላየሁም።

ማቆሚያውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎቹ ሲልበርስቴይን እና ዳንኤል ቲጂኤፍ ቤታ የተባለውን ፕሮቲን ቀስ እያለ የሚለቅ ቅንጣት በአይጥ ጡት ውስጥ አስቀመጡ። እብጠቶቹ ከሰሙ፤ የቅንጣቱ ኃይል ሲያልቅ እድገቱ እንደገና ቀጠለ። በየእርግዝናው ሰፍቶ፣ ጡት መጣል ሲመጣ የሚከስም አካል እንዲህ ያለ ልጓም ባይኖረው ምን ይውጠው ነበር?

ሰሞኑን አክስቴ ደውላ «ልጄ፣ ይህ ሐኪሞቹ ኸር 2 የሚሉት ምንድን ነው?» አለችኝ። የአምፊሬጉሊን ተቀባይ ዘመድ የሆነ ተቀባይ ነው አልኳት። በአንዳንድ የጡት ካንሰር ጂኑ ይባዛና ተቀባዩ በሕዋሱ ገጽ ላይ ከልክ በላይ ይበዛል፤ ሕዋሱም ማንም ሳያዝዘው እደግ የሚል ትእዛዝ ይሰማል። ትራስቱዙማብ የተባለው፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈቀደው መድኃኒት፣ ይህንኑ ተቀባይ ይይዛል።

«ታዲያ እሱን ነው የሚሰጡኝ?» አለች። የናሙናዋ ውጤት እንደሚወስነው ነገርኳት፤ ወደ ሐኪሟ ስትሄድም አብሬያት ልገባ ተስማማን።