አንድ እስር ጤና አዳም ከሸዋ በር

የድሬዳዋ ሙቀት ደንገጎ ዳገት ላይ ለቀቀን። ጃኬቴን ድሬ ትቼው ስለነበር በረደኝ። አወዳይ ላይ ሾፌራችን ጫት ሊገዛ ወርዶ ሃያ ደቂቃ ጠፋ። ማንም አላጉረመረመም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ሐረር ሸዋ በር እንደወረድን፣ ጀጎል ሳንገባ፣ የአክስቴ ልጅ ወደ ገበያው ይዞኝ ዞረ። አንዲት ባልቴት ፊት ቆምኩና ጤና አዳም አነሳሁ። ቅጠሉን በጣቴ ሳሸው ብሬራ ትዝ አለኝ።

ብሬራ እኔ በምኖርበት በሚላኖ ያለ የዕፅዋት ቦታ ነው። ግማሽ ሄክታር ቢሆን ነው፤ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ጀርባ ተሸሽጓል። ሥራ ሲሰለቸኝ እዚያ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ኡሚሊያቲ የሚባሉ መነኮሳት የሚያለሙት ግቢ ነበር። ከነሱ ወደ ኢየሱሳውያን ዞረ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እኛንም ያመሱን እነዚያው ናቸው። በፈረንጆቹ 1773 ማኅበራቸው ሲፈርስ ቦታው ለመንግሥት ሆነ። ያኔ ሚላኖን ትገዛ የነበረችው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛም ወዲያው የሕክምናና የመድኃኒት ቅመማ ተማሪዎች መማሪያ አደረገችው። የሚገርመኝ ግን ሥራውን የሰጠችው ለማን እንደሆነ ነው፤ ፉልጄንሲዮ ቪትማን ለሚባል መነኩሴ! ጊንኮ የሚሉት ዛፍ አለ፣ በአውሮፓ ካሉት አንጋፋዎቹ አንዱ ነው። ቅጠሉ ማራገቢያ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ እዚያው ቆሜ አወራሁለት።

«አቦ! ቅጠል ልታይ ነው ጣልያን የሄድከው?» አለኝ።

ባልቴቷ ለካ ስታዳምጥ ኖሯል። «አሁንስ ማን ይታከምበታል?» አለችኝ። ድሬና ሐረር አንቱታ ብዙም የለም፤ እኔም አንቺ እያልኳት ነው።

«አሁንማ ሰው ይጎበኘዋል እንጂ አይታከምበትም፣ እናቴ።»

«ቆርጠው አይሸጡም?»

«መቁረጥ ክልክል ነው።»

«ክልክል!» ብላ ሳቀች። ለጎረቤቷም በኦሮምኛ ነገረቻት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ እስሩን ሰጥታኝ ምራቂ ብላ አንድ ጭብጥ ጨመረችበት። ምራቂው ከገዛሁት አያንስም።

ማታ ድሬ ስንገባ ኪሴ ውስጥ ጠውልጎ ነበር። አክስቴ ግን ገና ከበር ሳልገባ ሸተታት። «ጤና አዳም ነው? እሰይ፣ አልቆብን ነበር» ብላ ተቀበለችኝና ጀበናውን ልትጥድ ገባች።