ኮርኒስ ያስከፈለኝ 11 ነጥብ

ሮም ውስጥ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ሐበሻ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝማ።

ምዝገባውና የመኖሪያ ፈቃዱ ያው ሰልፍና ቴምብር ነው፤ ይታለፋል። መከራው የቃል ፈተናው ነው። ፕሮፌሰሩ ፊት ትቀመጣላችሁ፣ ፎቶ ያሳያችኋል፣ የምታዩትን በስሙ ትጠራላችሁ። ከ30 ይታረማል፤ ማለፊያው 18 ነው።

እኔ ደግሞ ልቤ አብጦ ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ግንበኛ ነው። ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ሊሾ፣ አርማታ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሌሎቹ ተማሪዎች በቃላት ሲጨነቁ እኔ ግማሹን ከቤቴ ይዤ የመጣሁ መሰለኝ። ከትምህርት ክፍሉ በተሰጠን ዝርዝር ላይ «ኮርኒቼ» የሚለውን ሳይ ፍቺውን ሳላነብ አለፍኩ። ኮርኒስ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ እንዴ?

የፈተናው ቀን ፕሮፌሰሩ የፓላዞ ፋርኔሴን ፎቶ አወጣ። ዛሬ የፈረንሳይ ኤምባሲ የሆነው ትልቁ ሕንፃ ነው። ደስ አለኝ፤ አጥንቼዋለሁ። የመስኮቶቹን አናት አንድ በአንድ አስረዳሁ፦ አንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ቀጣዩ ቅስት፣ እንደገና ሦስት ማዕዘን። ራሱን ነቀነቀ። «ኮርኒቼውስ?» አለኝ።

«እሱ እዚህ ፎቶ ላይ አይታይም» አልኩ፣ በሙሉ ልብ።

«አይታይም?»

«አዎ። ከውስጥ ነው የሚታየው።»

ከጎኑ የተቀመጠችው ረዳት ቀና አለች። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ። «ኮርኒቼ ምን እንደሆነ እስቲ አሳዪኝ» አለኝ። እኔም እጄን አንስቼ የፈተናውን ክፍል ጣሪያ፣ ነጩን ኮርኒስ፣ አምፖል የተንጠለጠለበትን፣ ጠቆምኩት። ረዳቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። እስካሁን ያች እጅ ትታየኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክላሲካል ሕንፃ ዓምዶቹ የሚሸከሙት ጋድም ክፍል ሦስት ንብርብር አለው። ከታች አርኪትራቭ፣ መሃል ብዙ ጊዜ ቅርጽ የሚቀረጽበት ፍሪዝ፣ ከላይ ደግሞ ወደ ውጭ የተገፋው ኮርኒቼ። ዓምድ በሌለው የሕዳሴ ዘመን (ሬኔሳንስ) ቤተ መንግሥት ላይም ኮርኒቼው ሕንፃውን እንደ ባርኔጣ ይደፋበታል። የፋርኔሴው ደግሞ ተራ አይደለም። በ1546 እ.ኤ.አ. አርክቴክቱ ሳንጋሎ ሲሞት ሥራውን የተረከበው ማይክል አንጄሎ ነው፤ ያንን ግዙፍ ኮርኒቼ የነደፈውም እሱ ነው። ፎቶው የቀረበልኝ ለኮርኒቼው ሲባል ነበር። እኔ አምፖል አሳየሁ።

ከዚያ በኋላ ጭንቅላቴ ጥሎኝ ሄደ። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን «የመጨረሻው እራት» ሲያሳየኝ «ፍሬስኮ» አልኩ። አይደለም። ፍሬስኮ እርጥብ የኖራ ልስን ላይ የሚሳል ነው፤ ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ይዞት ይቀራል። ስለዚህ ሠዓሊው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ያስለስናል። ያቺ ቁራጭ «ጆርናታ» ትባላለች፤ የቀን ሥራ ማለት ነው። ሊዮናርዶ ግን ቀስ ብሎ መሥራት ስለፈለገ በደረቅ ግድግዳ ላይ ሳለ፤ ሥዕሉም ብዙ ሳይቆይ መላላጥ ጀመረ። ይሄን የግንበኛ ልጅ መሳት ነበረባት? እርጥብ ልስን ሳይደርቅ ለመጨረስ መሯሯጥን በዓይኔ አይቼ ነው ያደግኩት።

19 ሰጠኝ። ጣሊያን አገር ውጤት አልቀበልም ብሎ ደግሞ መፈተን ይቻላል። የተማሪ አማካሪዋ «ያለፍሽውን ይዘሽ ሂጂ» ብላኝ ነበር። ከክፍሉ ቶሎ ለመውጣት ስል ተቀበልኩ። ዛሬም ያንገበግበኛል። አትቀበሉ! ማንም ቢመክራችሁ አትቀበሉ። ፕሮፌሰሩም ቢሆን ቃሉ አገራችን ሌላ ትርጉም እንዳለው ላስረዳው ስል «ቀጣይ» ማለቱ አልተዋጠልኝም።

እና ምን ላድርግ ካላችሁኝ፣ ዝርዝሩን መሸምደድ ተዉት። ትምህርት ክፍሉ ሸምድዱ ይላል፤ እኔ እርሳስ ይዛችሁ ኮሎሲየም ሂዱ እላለሁ። ውጭ ቆሞ ማየት በነፃ ነው። ዓምዶቹን ከታች ወደ ላይ ሳሏቸው፤ ዓይነታቸው በየፎቁ ይለያያል። አንደኛው ፎቅ ላይ ቱስካን የሚባለው ቀለል ያለ ዶሪክ፣ ሁለተኛው ላይ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለው አዮኒክ፣ ሦስተኛው ላይ ባለ ቅጠሉ የቆሮንቶስ (አዎ፣ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ቆሮንቶስ)። አራተኛው ላይ ያሉት ዓምድ ይመስላሉ እንጂ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ፒላስተር ይባላሉ። አንድ ከሰዓት በቂ ነው። «ኮንትራፖስቶ» የሚለውንም ከመጽሐፍ አልያዝኩትም። የታክሲ ሰልፍ የሰለቸው ሰው ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ጥሎ፣ ዳሌውን ሰብሮ ሲቆም አስቡት። የማይክል አንጄሎ ዳዊት እንደዚያ ነው የቆመው።

ከሁሉ በላይ የምታውቁትን ቃል ጠርጥሩ። ስቱኮ እኛ ጋ ከቀለም በፊት የሚቀባው ነው፤ እዚህ ግን መልአክና አበባ የሚቀረጽበት ማስጌጫም ነው።

ባለፈው እሑድ ፓላዞ ፋርኔሴ ፊት ቆሜ ለአባዬ በቪዲዮ ደወልኩለት። ስልኩን ወደ ላይ አዞርኩና «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ክፈፍ ነዋ። ዝናቡ ግድግዳው ላይ እንዳይወርድ ነው» አለኝ፣ ሳያስብ።

«እነሱ ኮርኒስ ነው የሚሉት።»

«አይ፣ ተሳስተዋል» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ይሄን ያህል ወጥቶ! ስንት ፌሮ ገባበት?»

«ምንም። ድንጋይ ነው አባዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ አትቀልጂብኝ።»