ሲነኩት ይከፈታል እንጂ አይወርድም

የምሠራው አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ብዙም በማይርቅ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ለዓመታት በደብተር የሰበሰቧቸውን ተረቶች ተየብኩላቸውና ትንሽ ድረ ገጽ ላይ ጫንኳቸው። ከፒዲኤፍ ይልቅ ተራ የቴክስት ፋይል ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው። «መምህራን እየቆረጡ ለክፍላቸው ይጠቀሙበት» አሉኝ። ፋይሉም ቀላል ነው፤ ዳታ አይበላም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ተማሪ ስልኳን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ አውርድ የሚለውን ነካሁት፤ ጽሑፉ ተከፈተ። ቤት ገብቼ ዳታ ስዘጋ ግን የለም።» እውነቷን ነው። ብራውዘር ራሱ ማሳየት የሚችለውን ፋይል ያሳያል፤ ቴክስትና ፎቶ እንደዚያ ናቸው። ዚፕ (የታመቀ ፋይል) የሚወርደው ብራውዘሩ ሊያሳየው ስለማይችል ነው።

መጀመሪያ «ሊንኩን ጫን ብለሽ ያዢና ሴቭ በይው» እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ስንቱን አስረድቼ እችላለሁ? ከዚያ በገጹ ኮድ ውስጥ፣ ሊንኩ ላይ «ዳውንሎድ» የሚል አትሪቢዩት፣ ማለትም ብራውዘሩን አውርደው የሚል መመሪያ ጨመርኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ሠራች። ግን ሰው የፋይሉን ሊንክ ኮፒ አድርጎ በቴሌግራም ይልካል። ቃሏ ያለችው እኔ ገጽ ላይ ስለሆነ እዚያ አትደርስም። ፋይሉ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ከተቀመጠም ክሮም አይቀበላትም።

ስለዚህ አውርደው ብሎ መናገር ያለበት ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው። ሰርቨር ፋይል ሲልክ አስቀድሞ ሄደር፣ ማለትም ስለ ፋይሉ ለብራውዘሩ የሚናገር አጭር መረጃ ይልካል። አንዱ ሄደር «ኮንተንት ዲስፖዚሽን» ይባላል። «ኢንላይን» ካለ አሳየው፣ «አታችመንት» ካለ አውርደው ማለት ነው። የእኛ ሰርቨር የሚሠራው አፓቼ በሚባል ፕሮግራም ስለሆነ «ኤችቲአክሰስ» የሚባለው የትእዛዝ ፋይል ውስጥ፣ ለቴክስት ፋይሎች ሁሉ አታችመንት ይላክ ብዬ ጻፍኩ።

ገጹን ስከፍተው 500 የሚል ስህተት። ድረ ገጹ እንዳለ ወደቀ። ለካ ሄደር የሚጨምረው የአፓቼ ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) አልበራም ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ጋሼ መጥተው «ልጄ፣ ተረቶቹ የት ገቡ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ሞጁሉ ሲበራ ተስተካከለ። አሁን የድሮውን ፋይል ኮፒ ሳላስቀምጥ ምንም አልነካም፤ ለውጥም የማደርገው ማታ ነው። ትእዛዙን ዋናው ፎልደር ውስጥ ስላስቀመጥኩት ደግሞ ለፍለጋ ሞተሮች የሚቀመጠው «ሮቦትስ» ፋይል ሳይቀር፣ እሱም ቴክስት ስለሆነ፣ የሚወርድ ሆኖ ነበር። ወደ ተረቶቹ ፎልደር አዛወርኩት።

የፋይሉን ዓይነት «ኦክቴት ስትሪም» (ምንነቱ ያልተገለጸ ዳታ) ብለህ ቀይረው የሚሉም አሉ። ያስወርዳል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። ጽሑፍን ጽሑፍ አይደለም ማለት ነው። ስልኩም በምን እንደሚከፍተው ግራ ይገባዋል።

ከሁሉም ያደከመኝ ስሙ ነው። ፋይሎቹን በላቲን ፊደልና በቁጥር ሰይሜያቸው ነበር። ጋሼ ቅር አላቸው። «ተረት በቁጥር ይጠራል እንዴ?» ልክ ናቸው፤ ስልክ ውስጥ ከሃምሳ ፋይል መሃል ቁጥር ማን ያስታውሳል? አማርኛውን ሄደሩ ላይ እንዳለ ስጽፈው ግን ስሙ ተበላሽቶ ወረደ። መፍትሔው በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 6266 በሚባል የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ውስጥ አለ። «ፋይልኔም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ኮከብ ይደረጋል፤ ዩቲኤፍ 8 (ፊደላትን ወደ ባይት የሚቀይር አጻጻፍ) መሆኑ ይገለጻል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት የላቲን ፊደል ወይም ቁጥር ይጻፋል። የእኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ስለሆነ «ተረት» ብቻውን 27 ምልክት ይወስዳል። አፓቼ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ፐርሰንት ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ የራሱ ትእዛዝ ይመስለዋል። ይህን እስካውቅ አንድ ሙሉ ምሽት ሄደብኝ።

ከወረደ በኋላም ሌላ ነገር ተከተለ። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ባለ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ስከፍተው ፊደሉ ተዘበራረቀ። ብራውዘር ላይ ሲታይ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚናገረው ሰርቨሩ ነው። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ከገባ ግን ያ ሄደር አብሮት አይሄድም። ስለዚህ በየፋይሉ መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የምትጠቁም ቦም የምትባለውን ባለ 3 ባይት ምልክት ጨመርኩ።

እዚያው ማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ለየተረቱ ሌላ ገጽ ሠራሁ። አሁን «አንብብ» እና «አውርድ» ጎን ለጎን አሉ። ያቺ ተማሪ ዳታዋን ዘግታ የአንበሳና የጦጣን ተረት በስሙ ፈልጋ ስታገኘው ጋሼ አጠገቧ ቆመው ነበር። በማግስቱ ሌላ ደብተር ይዘው መጡ።