ከዛፉ የትኛው ቦታ?

ካሊፎርኒያ ውስጥ በቲሹ ካልቸር ላብራቶሪ (ከተክል ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በብርጭቆ ውስጥ ሙሉ ተክል የሚያሳድግ) በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ አንድ ያረጀ የዋልነት ዛፍ እንዳባዛ ተሰጠኝ። ፓራዶክስ የሚባለው ዲቃላ ነው። ገበሬዎች የምርታማውን ዋልነት ቀንበጥ ቆርጠው የሚያጣብቁት በእሱ ግንድ ላይ ነው። ጎረቤቶቹ ከአፈር በሚነሳ በሽታ ሲደርቁ እሱ ብቻ ቆሟል። ዲቃላ ስለሆነ ዘሩ እናቱን አይደግምም። መንገዱ ሊሰፋ ስለነበር ደግሞ በጥቅምት ከነሥሩ ይነቀላል።

መሰላል ወጥቼ ፀሐይ የጠገበውን ጫፍ መረጥኩ። ከሁሉም ጠንካራ የሚመስለው እሱ ነበር። በበረኪና አጥቤ 60 አንጓ በብርጭቆ ውስጥ ባለው ማሳደጊያ ምግብ ላይ ተከልኩ።

በማግስቱ ከቁራጮቹ ሥር ቡናማ ነገር ይፈስ ጀመር። ፌኖል ነው፣ ተክሉ ሲቆረጥ የሚያወጣው ኬሚካል። የዋልነት ልጣጭ በእጁ የላጠ ሰው ጣቱ እንዴት እንደሚጠቁር ያውቃል። ያ ፈሳሽ መልሶ ቁራጩን ይመርዘዋል። ግማሹ በሳምንት ሻገተ። የተረፉት ሁለት ቅጠል አውጥተው ቆሙ። በሦስተኛው ሳምንት ግርጌያቸው ላይ ወተት የመሰለ ደመና ታየ፤ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ከውስጥ ስለሆነ በረኪና አይደርስበትም። ሁሉንም ጣልኩ። ቀኑ እየሄደ ነበር፣ እንቅልፍም አጣሁ።

አለቃዬ ስለ በረኪናው አልጠየቁኝም። «ከዛፉ የትኛው ቦታ ቆረጥክ?» አሉኝ። ጫፉን አልኳቸው። «ጫፉ እኮ ሽማግሌው ነው። ልጅነቱ ያለው ታች ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ በቀላሉ የሚያድገው ደግሞ ልጁ ነው።»

ያኔ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ትዝ አለኝ። የትልቁ ዛፍ ቅጠል ረጅምና ማጭድ መሰል ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ግን ክብና አመድማ ነው፣ ልክ እንደ ችግኙ። ጉንፋን ሲይዘን እናቴ የምታጥነን በሱ ነበር። ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ ከሥራዬ ጋር አላገናኘሁትም።

ከታች ካሉት ወፍራም ቅርንጫፎች ክንድ ክንድ የሚያህል ጉማጅ ቆርጠን ግሪንሃውስ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ላይ አቆምን። ውሃ ከሥር ብቻ። አዲሱ ቅጠል ከረጠበ ሻጋታው ይመለሳል። ከሳምንታት በኋላ ልጣጩ ሥር ለዓመታት የተኙ የቀንበጥ ዓይኖች ፈነዱ። ከእነሱ 40 ቀንበጥ ወሰድኩ። ቡናማው ሳይጠራቀም በየሁለት ቀኑ ወደ አዲስ ምግብ አዛወርኳቸው፣ እሁድም ቢሆን።

7ቱ አረንጓዴ ሆነው ዘለቁ። ለዚህ ሥራ 7 ብዙ ነው፤ አንድ ንፁህ ቀንበጥ ካለ ሺህ ይወጣዋል። ዛፉ በጥቅምት ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ በመዝገቤ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ የምጽፈው ቀንበጡ ከመሬት ስንት ሜትር ላይ እንደተቆረጠ ነው።