ረዳቱ ድምፁ የጠፋው ከመጮህ መስሎኝ

ተመላላሽ ክፍል ስሰራ ነው፣ አንድ የታክሲ ረዳት መጣ፣ 40 አመት ገደማ ይሆነዋል፣ ድምፁ ከዘጋ 2 ወር አልፎታል። ቀኑን ሙሉ ሜክሲኮ ሜክሲኮ ሲል የሚውል ሰው ድምፁ ቢዘጋ ምን ይገርማል ብዬ ጉሮሮውን በባትሪ አየሁና አሞክሳሲሊን ጽፌ፣ ለጥቂት ቀን አትጩህ ብዬ ላኩት። በ3 ሳምንቱ ተመልሶ መጣ። "ዶክተር ምንም ለውጥ የለውም፣ አንገቴ ላይም የሆነ ነገር ያለ ይመስለኛል" አለኝ። ከኮሌታው በላይ ዳሰስ አደረግኩት፣ እንቅርት ብዙ ጊዜ የማየው ሴቶች ላይ ስለሆነ ከልቤ አልፈለግኩም፣ ለማንኛውም ብዬ ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ (እንቅርት የሚወጣበት የአንገት እጢ) የደም ምርመራ አዘዝኩ፣ ኖርማል ሆኖ መጣ። እንቅርት የለብህም አይዞህ አልኩት።

ቲኤስኤች የሚያሳየው እጢው ሆርሞን በልክ ማምረቱን ነው እንጂ ካንሰር መኖር አለመኖሩን አይደለም፣ የታይሮይድ ካንሰር ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ላይ ኖርማል ነው የሚመጣው፣ ይሄን ተምሬዋለሁ እኮ፣ ተፈትኜበታለሁም!

ከ2 ወር በኋላ ማታ ከስራ ስወጣ የተሳፈርኩበት ታክሲ ረዳት እሱ ሆኖ አገኘሁት። መጥራት አቅቶት በሩን በመዳፉ እየደበደበ ነው ሰው የሚሰበስበው። ቆም ስንል ሃይላንዱን አንስቶ ቀና ብሎ ውሃ ሲጎነጭ ከማንቁርቱ በስተቀኝ የእንቁላል አስኳል የምታክል እብጠት ከውሃው ጋር ብድግ አለችና ተመልሳ ወረደች። ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

በነጋታው አልትራሳውንድ፣ ከዛ በቀጭን መርፌ ናሙና። ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ነው፣ የአንገቱ ንፍፊቶች ጋም ደርሷል፣ ድምፁን የዘጋው ከእጢው ጀርባ የሚያልፈውን የድምፅ ነርቭ ነክቶት ነው። በሽታው ሴቶች ላይ 3 እጥፍ ያህል ይበዛል፣ ግን ወንድ ላይ እብጠት ከተገኘ ካንሰር የመሆን እድሉ ከሴቷ ከፍ ይላል፣ የሚደረስበትም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። እኛ አገር ደግሞ በአዮዲን እጥረት እንቅርት ከመብዛቱ የተነሳ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እያልን ተርተንበት፣ ለምደነው፣ ካላነቀን አያስፈራንም።

ኦፕራሲዮን ተደርጎ እጢው ከነንፍፊቶቹ ወጣለት። ልጠይቀው ሄጄ ሁለቴ መጥተህ ሁለቴም መልሼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። በሹክሹክታ "ያን ቀን የኛን ታክሲ ባትይዝስ ኖሮ?" አለኝ። ምን ልበለው?

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሁሌ ውሃ አለ፣ ድምፁ የዘጋ ሰው ሲመጣ ኮሌታውን ከፍቶ እንዲጎነጭ አደርግና አንገቱን አያለሁ፣ 3 ሳምንት ካለፈው ጉሮሮው በካሜራ እንዲታይ ሪፈር እጽፋለሁ። ረዳቱ የወጣውን እጢ ሆርሞን የሚተካለትን ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲኑን፣ በየጠዋቱ በባዶ ሆዱ ይውጣል፣ እድሜ ልኩን ነው፣ ቡናውንም ከ1 ሰአት በኋላ ነው የሚጠጣው። ድምፁ ሻካራ ሆኖ ቀርቷል። ወደ ታክሲው ተመልሷል፣ ሂሳብ ይሰበስባል፣ የሚጠራለት ግን ሌላ ልጅ ነው።