የዉድስቶክ ቴአትር ቤትና ዲዲ 113 ወንበር

ከቺካጎ ኦጊልቪ ጣቢያ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደውን የሜትራ ባቡር ከመሳፈራችን በፊት የመጨረሻ ጣቢያውን ስም አረጋገጥን። ሃርቫርድ ድረስ የሚዘልቀው ቴአትር ቤቱ ወዳለባት የኢሊኖይ ከተማ ዉድስቶክ ያደርሳል፤ ክሪስታል ሌክ ላይ የሚቆመው ወይም ወደ ማክሄንሪ የሚታጠፈው ግን አያደርስም። እንግዳ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የማታ ትርኢት ለማየት የሚሄድ ሰው የመመለሻ ባቡሩን ሰዓት ቀድሞ ይያዝ፤ ተውኔቱ ሳያልቅ የመጨረሻው ባቡር ሊያመልጠው ይችላል።

ከጣቢያው ወርደን ጥቂት እንደተራመድን አደባባዩ ላይ ደረስን፤ የቴአትር ቤቱ ደወል ማማ ከሩቅ ይታያል። ኦፔራ ሃውስ የሚባለው ይህ ቴአትር ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1889 ሲሆን ምድር ቤቱ የከተማው አስተዳደር፣ የቤተ መጻሕፍቱና የእሳት አደጋ ክፍሉ ነበር። አዳራሹ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ስሙን ሰምቶ ኦፔራ ብቻ የሚታይበት ቤት የሚመስለው አይጠፋም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች «ቴአትር» የሚለው ቃል በጨዋ ሰው ዘንድ አይወደድም ነበርና «ኦፔራ ሃውስ» ማለቱ ለክብር ነው። በ1934 ኋላ ታዋቂ የፊልም ዳይሬክተር የሆነው የ19 ዓመቱ ኦርሰን ዌልስ እዚህ የበጋ ፌስቲቫል አዘጋጅቷል፤ መድረኩ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማንም ታዋቂ ከመሆኑ በፊት እዚህ ተውኗል።

የቤቱ መንፈስ ኤልቪራ ትባላለች። አንዱ ተዋናይት ነበረች ይላል፤ ሌላው የባሌ ዳንሰኛ። የፈለገችውን ሚና ስትነፈግ ከማማው ራሷን ወረወረች የሚሉ አሉ፤ በገመድ ነው የሚሉም አሉ። አንዱ ተራኪ ከሌላው ጋር የማይገጥመው ዋናው ነገር ላይ፣ አሟሟቷ ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ1992 እዚሁ አደባባይ በተቀረጸ የሆሊውድ ፊልም ሕንፃው ሆቴል ሆኖ ሲታይ ባለ ታሪኩ ከዚሁ ማማ ይዘላል፤ አንዳንድ ጎብኚ ታሪኩንና ፊልሙን ያደባልቃል። ኤልቪራ ኖረችም አልኖረችም፣ የአንዲት ልጅ ራስን ማጥፋት የመዝናኛ ወሬ ሲሆን ደስ አይልም። ስለዚህ ለልጆች ሲነገር ከማማው ይልቅ በወንበሩ ቢጀመር እንመርጣለን።

ወንበሩ ሰገነት ላይ ያለው ዲዲ 113 ነው። ኤልቪራ ልምምድ ስታይ የምትቀመጠው እሱ ላይ ነው ይባላል፤ ሰው ሳይነካው መቀመጫው ዝቅ ይላል የሚለው ወሬ የሚነገረውም ስለ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ የሚወራበትን ማንኛውንም ታጣፊ ወንበር መፈተን አይከብድም። የእሱንና የግራ ቀኙን ሁለት መቀመጫዎች እኩል ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። መቀመጫውን ወደ ላይ የሚመልሰው ሞላ ወይም የኋላ ክብደቱ ነው። ሞላው ከላላ ወይም ማጠፊያው ከተበላ፣ አንዱ ሲመለስ ሌላው መሃል ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ በሚሮጥ ሰው የሚመጣው የወለል ንዝረት እንኳ ሊያወርደው ይችላል። ጣት ማጠፊያው ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው፤ የድሮ ብረት ይቀረጥፋል።

ልምምዱ ደካማ ሲሆን ከሰገነት በኩል የቅሬታ ትንፋሽ ይሰማል ይባላል። ይህ ለእኛ ከሁሉም የሚገርመው ነው፣ ምክንያቱም ባዶ አዳራሽ በእርግጥ ድምፅ ይመልሳል። ሰው ሲሞላ ልብሱና ገላው ድምፁን ይውጠዋል፤ በልምምድ ቀን ግን የመብራት ሠራተኛው ከላይ ሆኖ ቢተነፍስ ታች ያለው ተዋናይ ከጎኑ የተነፈሰ ይመስለዋል። የእንጨቱም ጉዳይ አለ። አንድ ተቀማጭ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣልና 400 ሰው ማለት 40 ኪሎዋት ነው። ተመልካቹ ወጥቶ ማሞቂያው ሲቀንስ፣ በተለይ በሰሜን ኢሊኖይ ክረምት፣ ወለሉና ጣሪያው እየተኮማተሩ ይንቋቋሉ። የሚሰማቸውም ዕቃ ለመሰብሰብ ብቻውን የቀረ ሰው ነው።

ለዚያ ሰው ሲባል የአሜሪካ ቴአትር ቤቶች አንድ ልማድ አላቸው፤ ሌሊቱን አንድ አምፖል መድረክ ላይ በርቶ ያድራል። መንፈሶቹ እንዲተውኑበት ነው ይላሉ፤ ሥራው ግን ሰው ከመድረኩ ጠርዝ እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። በዘንግ ላይ የቆመ፣ በሽቦ የታጠረ አንድ አምፖል ይበቃል። መቆም ያለበት ከጠርዙ ራቅ ብሎ መሃል አካባቢ ነው፤ ጫፍ ላይ ካቆሙት ዓይን ላይ ያበራና ገደሉን ይሸፍናል። ገመዱ ወደ ኋላ ይዘርጋ፣ በቴፕም ይጣበቅ፤ አለበለዚያ የሚያደናቅፈው ራሱ መብራቱ ይሆናል። የአዳራሹ መብራት የሚጠፋው አምፖሉ መብራቱ ከታየ በኋላ ነው። ሲነጋ መጀመሪያ የሚገባው ሰው ተቃጥሎ ካገኘው በእጅ ባትሪ እንጂ በዳበሳ ወደ ማብሪያው አይሄድም።